ምግቡ ሰበብ ብቻ ነው ላልከው ወንድሜ፦ እስቲ አንድ በአንድ እንነጋገር

ሰሞኑን ከሰው ሰው ሲቀባበል የሰነበተ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህን ነው። በዓል ሲመጣ ቤተሰብ የሚሰበሰብበትን ምግብ ከልክ በላይ አካብደነዋል። ዋናው መገናኘቱ ነው፤ ምግቡ ሰበብ ብቻ ነው። ስለዚህ ያለቀለት ምግብ ይገዛ፣ ወይ ምግብ ቤት ተሂዶ በሁለት ሰዓት ይለቅ፣ ካልሆነም ሁሉም የሚበላውን ይዞ ይምጣ። ድካሙም፣ ብክነቱም፣ ጭቅጭቁም ይቀራል። ለዚህ ሰባት ምክንያት ደርድሯል።

ጽሑፉ የሰነፍ ጽሑፍ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዱ ቦታ ላይ "እሰይ፣ ይበል" ብያለሁ። ግን ትክክለኛ በሽታ አይቶ የተሳሳተ መድኃኒት ነው ያዘዘው፤ ብዙ ሰውም ራሱን እየነቀነቀ ሲቀበለው ሳይ ዝም ማለት አልሆነልኝም። በራሱ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ። የሚያስቆመኝ ነጥብ ላይ እቆያለሁ፣ የማያስቆመኝን ቶሎ አልፋለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያቱ ያው ዋናው መገናኘቱ ነው የሚለው ነው። ሲሰሙት ልክ ይመስላል። "የለም፣ ዋናው ሆዴ ነው" ብሎ የሚከራከር ማን አለ? ግን እስቲ አስቡት። አሥራ አምስት ሰው አንድ ሳሎን ውስጥ ተቀምጧል፣ የሚሠራ ነገር የለም። "ሥራ እንዴት ነው?" "ደህና ነው።" "ልጆቹስ?" "ደህና ናቸው፣ አድገዋል።" "ኑሮስ?" "ያው ነው።" ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ አንዱ ቴሌቪዥን ይከፍታል፣ ሌላው ስልኩን ያወጣል፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደ መኝታ ቤት ይሾልካሉ። ይህ መገናኘት ከሆነ የሐኪም ቤት ተራ መጠበቂያም ያገናኛል።

አሁን ደግሞ ጓዳውን ተመልከቱ። አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለ፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ። አክስቱ አንድ ሳህን ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ፊቱ አስቀምጣ "ላጥ" ብላዋለች። ልጣጩ ጣቱ ላይ እየተጣበቀ፣ በሱሪው እየጠረገ ይልጣል። እሷ አጠገቡ ቀይ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሁለቱም ዓይናቸው ሥራቸው ላይ ነው፣ ማንም ማንንም አያይም። ሳህኑ ግማሽ ሲደርስ ልጁ ማንም ሳይጠይቀው ሒሳብ እንደወደቀ ይናገራል። አክስትየው ቢላዋዋን አላቆመችም። "አባትህ ያውቃል?" አለችው ብቻ። "አያውቅም።" "ቆይ፣ ከምሳ በኋላ አብረን እንነግረዋለን።" ይህን ወሬ ሳሎን ውስጥ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ብትጠይቁት በጉጠትም አይወጣም።

የምለው እንግዲህ ይህን ነው። ሰው እንዲሁ ስለተጠራ ብቻ አይገናኝም። መገናኘት እጅ የሚይዘው ሥራ ይፈልጋል፤ ቤተሰብ ደግሞ ሕፃኑም አሮጊቷም፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ የተኳረፈውም ጭምር ሊካፈለው የሚችል ሌላ ሥራ የለውም። ምግብ ብቻ ነው። ሰበብ ብለን የምናራክሰው ነገር ግንኙነቱ የሚፈጸምበት ራሱ ነው።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አመጋገብ አይተው ነበር። አብረው የሚበሉ ቡድኖች በአለቆቻቸው ዘንድ የተሻለ የሥራ ውጤት እንዳላቸው ተመዝኗል። እዚህ ላይ አብሮ መብላት ሲባል አብሮ ማኘክ ማለት አይደለም። ሠራተኞቹ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ምን እንደሚበላ ይመካከራሉ፣ ይገዛሉ፣ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ። እርግጥ ነው፣ የተስማማ ቡድን ስለሆነ አብሮ ይበላል ወይስ አብሮ ስለበላ ተስማማ የሚለውን እንዲህ ያለ ጥናት አይቆርጠውም። ግን ተመራማሪዎቹ በየጣቢያው ሲዞሩ አብረው የማይበሉት ለምን እንደማይበሉ ሲጠየቁ ያፍሩ ነበር ይላሉ። አለመብላቱ የሆነ ነገር እንደተበላሸ እንደሚናገር ራሳቸው ያውቁታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያቱ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ቀለል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። የበዓል ምግብ በሴቶች ጀርባ ላይ የሚሠራ ነው ይላል። እውነት ነው። ነጥብ። እኔ ሴት ነኝ፤ የበዓል ዋዜማ ሌሊት ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረኝም። ከነጋ በኋላ እንግዳ እየሳቀ ሲገባ አንቺ ፀጉርሽ የሽንኩርት ሽታ ይዞ፣ እግርሽ አብጦ፣ "ኧረ ቁጭ በይ እንጂ" እየተባልሽ፣ ቁጭ ስትዪ ደግሞ "ውኃ አለ?" የሚል ድምፅ ትሰሚያለሽ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ክፍያ የሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ከሚወስደው ሰዓት 76.2 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። ከወንዶች ሦስት እጥፍ በላይ ነው። ይህ የዘወትሩ ነው፤ በበዓል ደግሞ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ታዲያ ጸሐፊው ከዚህ ተነሥቶ ምን አለ? ምግቡ ይቅር። እዚህ ላይ ነው የተለያየነው። አንድ ሸክም አንድ ሰው ላይ ብቻ ከተጫነ መፍትሔው መካፈል ነው ወይስ ሸክሙን ገደል መጣል? ደግሞ ልብ በሉ፣ "ለሁለት እንካፈለው" የሚለው መንገድ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተነሣም። ወንዶቹ ተነሥተው ድስት ሊያጥቡ ይችላሉ የሚለው ሐሳብ ጭራሽ አልታየውም። ከዚያ ይልቅ ሺህ ዘመን የኖረውን ነገር ማጥፋት ቀለለው። ወንድሜ፣ ይህ ለሴቶች ማሰብ አይደለም። ከወንበር ላለመነሣት የተገኘ ብልሃት ነው።

ደግሞስ ምግቡ ሲገዛ ሥራው በእርግጥ ይቀራል? ስንት ሰው እንደሚመጣ የሚቆጥር ማን ነው? ማን ምን እንደማይበላ የሚያስታውስ፣ የሚያዝዝ፣ ዘገየ ብሎ የሚደውል፣ ሳህን የሚያወጣ፣ ሳህን የሚያጥብስ? ያችው ናት። ድስቱ ብቻ ነው ከትከሻዋ የወረደው። የተገዛውን ምግብ ደግሞ የሆነ ሰው አብስሎታል፤ በበዓል ቀን ከልጆቿ ተለይታ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ የቆመች ሌላ ሴት ልትሆን ትችላለች። ለእሷ ማን ነው ጽሑፍ የሚጽፍላት?

እኛንም ግን አልምርም። ሙያዋ የታወቀ ሴት ብዙ ጊዜ ጓዳዋን አታስነካም። "ተዉት፣ እኔ ይሻለኛል" ትላለች። ባልየው አንድ ቀን ቢላዋ ቢያነሣ "ኧረ እንዲህ አይደለም የሚከተፈው" ተብሎ ይባረራል፤ እሱም ደስ እያለው ይወጣል። ከዚያ ማታ ስታለቅስ "ማንም አይረዳኝም" ነው። የሁለቱም እጅ አለበት። ደግሞ "ልርዳሽ?" የምትለዋ ነገር፣ ጥሩ ልብ ቢኖራትም፣ ብዙም ጠብ የሚል ነገር የላትም። የሚረዳው ሰው ምን እንደሚደረግ እየጠየቀ ይቆማል፣ እሷ ሥራም ትሠራለች አለቃም ትሆናለች። የሚሠራው ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ነገር መስጠት። ሾርባው የወንድምሽ ነው ከተባለ፣ ገበያውም፣ መከተፉም፣ ማብሰሉም፣ ድስቱን ማጠቡም የእሱ ነው። ጨው ቢበዛበት ይበዛበታል። የመጀመሪያው ዓመት ሾርባው መጥፎ ይሆናል። ይሁን። በልተነው እንሥቃለን። በሦስተኛው ዓመት "የወንድሜ ሾርባ" ተብሎ ይጠበቃል።

እዚህ ላይ የሚጠቅመኝ አንድ ሙከራ አለ። ከሚኒሶታና ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲዎች የተውጣጡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳተሙት፣ ቸኮሌት ከመብላታቸው በፊት ትንሽ ሥርዓት እንዲፈጽሙ የተደረጉ ሰዎች፣ ማለትም ከነመጠቅለያው ለሁለት ሰብሮ፣ ግማሹን ገልጦ በልቶ፣ ከዚያ ሌላውን የመሰለ ነገር፣ ዝም ብለው ከበሉት ይልቅ ጣፈጠን አሉ። ቸኮሌቱ ያው ነው። በሌላ ሙከራ ደግሞ የሎሚ መጠጡን ራሳቸው ሥርዓቱን ጠብቀው የበጠበጡት፣ ሌላ ሰው ሲበጠብጥ ቁጭ ብለው ካዩት ይልቅ ወደዱት። እንግዲህ ከወንበር ሳይነሣ የበዓል ምግብ ትርጉሙ ጠፋብኝ ለሚል ሰው መልሱ እዚሁ ያለ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ምክንያቱ ናፍቆት ነው። የእናትህ ምግብ የተለየ የሚመስልህ አንጎልህ ስለሚያታልልህ ነው፣ ዓይንህን ተሸፍነህ ብትቀምስ ከሱቁ አትለየውም ይላል። የሽታ መንገድ ከሌሎቹ የስሜት ሕዋሳት የተለየ መሆኑ እውነት ነው። የምናየውና የምንሰማው ነገር ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል በኩል አልፎ ነው ወደ ላይ የሚሄደው። ሽታ ግን ያንን መተላለፊያ ሳይጠብቅ ስሜትንና ትዝታን ወደሚያስተናግዱት አሚግዳላና ሂፖካምፐስ ወደተባሉት ክፍሎች በአጭር መንገድ ይደርሳል። ለዚህ ነው አንድ የድስት ክዳን ሲከፈት ሠላሳ ዓመት ወደኋላ የምንወረወረው። ግን ይህን "ማታለል" ያለው ማን ነው? ትዝታው እኮ የሆነ ነገር ነው። ያ ቤት ነበር፣ ያ ሰው ነበር፣ ያ ቀን ነበር። አንጎሌ የሠራው ያላየሁትን መፍጠር ሳይሆን ያየሁትን መጠበቅ ነው።

ዓይን ሸፍኖ መቅመሱም ያስቀኛል። አንድ ሰው የላከልህን ደብዳቤ ስሙንና የእጅ ጽሑፉን ደብቀህ ቃላቱ ቆንጆ ናቸው ወይ ብለህ ብትመዝን ምን አገኘህ?

ይልቅ እሱ ያላነሣውን ልጨምር። የበዓል ምግብ ትዝታ የሚይዘው ስለሚጣፍጥ ብቻ አይደለም፣ አልፎ አልፎ ስለሚመጣም ነው። በየሳምንቱ ብትበሉት ከሌላው ቀን ጋር ይቀላቀላል። በፈለግነው ቀን በስልክ የምናዝዘው ምግብ ቀኑን ሊይዝልን አይችልም፤ ምክንያቱም የማንም ቀን አይደለም። እና አንድ ነገር አሁኑኑ አድርጉ፤ በዓልን አትጠብቁ። የቤታችሁ ባለሙያ በዓይኗ ነው የምትለካው። "ትንሽ"፣ "እንዳየሽው"፣ "እስኪበቃው" ነው መልሷ። ወረቀት ይዛችሁ አትጠይቋት፣ አይወጣላትም። ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ቅመሙን እጇ ላይ ስትዘግን ድስቱ ውስጥ ከመጣሏ በፊት "እዚህ ላይ አድርጊው" በሏት፣ መዝኑት፣ ጻፉት፣ ከዚያ ይጨመር። ትቆጣለች። "ምን ይሄ ፋርማሲ ነው?" ትላለች። ታገሷት። እሷ ካለፈች በኋላ የሚጠየቅ ሰው የለም።

አራተኛው ጤና ነው። በበዓል ጠረጴዛ ሰው ራሱን ይገድላል ይላል። ልክም ተጋኖም ነው። ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 195 ሰዎችን በዓመት መጨረሻ በዓላት ወቅት መዝኖ፣ በአማካይ የጨመሩት 0.37 ኪሎ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ሰዎቹ ራሳቸው የጨመርን የመሰላቸው ከዚህ በጣም ይበልጥ ነበር። ደስ አይበላችሁ ግን፤ ያችው ትንሽ ነገር በቀጣዮቹ ወራት አልወረደችም። ዓመት በዓመት ትደመራለች። ሌላም እሰጠዋለሁ። ሰው አንድ ዓይነት ምግብ ሲበላ የዚያ ምግብ ፍላጎቱ ይወርዳል፣ የሌላው ግን አይወርድም። ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ1981 አሳይተውታል። "ጠገብኩ" ያለው አጎታችሁ ኬክ ሲመጣ ቦታ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት ዓይነት ምግብ የሚደረደርበት ጠረጴዛ ራሱ ያስበላል። አራት በደንብ የተሠራ ነገር ይበቃል። የቀረው ለጎረቤት ዓይን ነው።

ግን መፍትሔው "የታመመ ሰው የራሱን ቋጥሮ ይምጣ" ሆነ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። እስቲ አንዲት ምራት የምታደርገውን ልንገራችሁ። አማቷ ደም ግፊት አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚመክረው። አንዲት የሻይ ማንኪያ አትሞላም። ትልቁ ድስት ሲንተከተክ፣ ጨው ከመግባቱ በፊት፣ በጭልፋ ከላይ ሳይሆን ከታች፣ ሥጋውም መረቁም እንዲደርስ አድርጋ ትንሽ ድስት ውስጥ ትቀዳለች። ምድጃው ጥግ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሎሚና ቅጠላ ቅጠል ትጨምርበታለች። ጠረጴዛ ላይ ሲቀርብ ሳህኑ ያው ነው፣ መልኩ ያው ነው። አማትየዋ የተለየ እንደቀረበላቸው ማንም እንግዳ አያውቅም። እሳቸው ግን ያውቃሉ። በሕይወታቸው "እወድሻለሁ" የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሴት፣ ከምሳ በኋላ ያንን ትንሽ ድስት ራሳቸው አንሥተው ያጥባሉ።

አሁን ያንኑ ሰው ከቤታቸው ምሳ ዕቃ ይዘው መጥተው፣ ሁሉም ከአንድ ድስት ሲበላ ጥግ ላይ ክዳን ሲከፍቱ አስቧቸው። የምግብ ትርጉም ምንድን ነው ካላችሁኝ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው እላለሁ። ስትበላ እንዳሰቡህ ታውቃለህ። ወይም እንዳላሰቡህ።

አንድ ነገር ላይ ግን ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እጮሃለሁ። "ብላ እንጂ፣ በሞቴ፣ አንድ ቀን ምን ያደርግሃል!" የሚባለው ይቁም። ስኳር ያለበት ሰው አንድ ቀን የሚያደርገውን ያውቃል። መጠጥ ያቆመ ሰው አንድ ብርጭቆ የሚያደርገውን ከእናንተ በላይ ያውቃል። ሰው "በቃኝ" ሲል በቅቶታል። "ወፈርሽ፣ ከሳሽ" የሚባለውም ከጠረጴዛው ይነሣ፤ በተለይ ወጣት ሴት ልጆች ፊት።

አምስተኛው ብክነት። እስማማለሁ፤ ጨርሰናል ማለት ይቻላል። በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም የ2024 ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ የተጣለው ምግብ 1.05 ቢሊዮን ቶን ነው፤ 60 በመቶው ከየቤቱ የወጣ ነው። ግን ይህ የበዓል ቀን ቁጥር አይደለም፤ ከጥር እስከ ጥር የምንጥለው ነው፤ ለብቻ የሚበላ ሰውም ይጥላል። በሰው ቁጥር ማብሰል ነው። የተረፈው ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይደር፣ ከ5 ዲግሪ በታች ፍሪጅ ይግባ፣ ሲበላ በደንብ ይሙቅ። እንግዳም የሚወስድበትን ዕቃ ይዞ ይምጣ። ማግሥቱን ቤትህ ቆመህ ከፍሪጅ የምትበላው የበዓል ምግብ፣ በኔ አስተያየት፣ ከዕለቱ ይጣፍጣል።

ስድስተኛው ላይ ዘመኑ ተለውጧል ይላል። አንዱ ሥጋ አይበላም፣ አንዱ ወተት አይስማማውም፣ ልጆቹ ሌላ ነገር ነው የለመዱት፤ ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ሳህን ይዞ ይቀመጥ። ሐሳቡ ሰላም ይመስላል። ግን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርብ የጋራ ምግብ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ያስተምራል። መጠበቅ ያስተምራል። ሌላው ምን ያህል እንደቀረው ማየት ያስተምራል። የመጨረሻዋን ቁራጭ ማን ይውሰድ የሚለው ዝምታ ውስጥ፣ ሁሉም እያያት ማንም የማይነካት ያች ቁራጭ፣ አንድ ልጅ ስለ ሰው ብዙ ይማራል። የየራሱ ሳህን ላይ ይህ የለም። የኔ የኔ ነው፣ አለቀ።

ሥጋ ያቆመችው ልጅስ? የራሷን ቋጥራ አትምጣ። ሁሉም የሚቀምሰው አንድ ትልቅ ነገር ትሥራ። አባቷ "ይሄ ደግሞ ምግብ ነው?" ይላል፣ ሁለተኛ ጭልፋ ሲጨምር እናየዋለን።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ከሌላ ቤት በጋብቻ የገባ ሰው ምግብ ነው። አዲስ ሙሽራ የእናቷን ቤት ምግብ ሠርታ ታመጣለች። ጠረጴዛው ላይ ከዋናዎቹ መካከል ይቀመጣል ወይስ ጥግ ላይ? ማን መጀመሪያ ይቀምሰዋል? ሳይነካ ወደ ጓዳ ይመለሳል? እሷ ያንን ሳህን ስታይ የምታነበውን ሌላው አያነበውም። አማትየዋ ዝም ብለው አንድ ማንኪያ አንሥተው "ይህን እንዴት ነው የሠራሽው?" ቢሏት፣ ከዚያ በኋላ መቶ ንግግር ቢደረግ ያንን አያህልም። እና እንዲህ ያለ ነገር የሚሆንበትን ጠረጴዛ ነው "ለየብቻ እንብላ" ብለን የምናፈርሰው።

ሰባተኛውና የመጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። የበዓል ምሳ የድሮ ቂም መክፈቻ ነው፣ ያጠረ እንደሆነ ይሻላል ይላል። ውርሱ ይነሣል፣ ፖለቲካው ይነሣል፣ "አንቺ መች ነው የምታገቢው" ይነሣል። አይነሣም አልልም። ግን ጠቡን ምግቡ አላመጣውም። ምግቡ እንዲያውም መውጫ ይሰጣል። ነገር ሲከር "እስቲ ሳህኖቹን ላንሣ" ብሎ መነሣት ይቻላል፣ "ቡናው ፈላ" ብሎ ወሬ መቁረጥ ይቻላል፣ የተኳረፉ ሁለት ወንድማማቾች "ጨውን አቀብለኝ" ብለው ከዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸውን ሊለዋወጡ ይችላሉ። ይቅርታ መጠየቅ የማይችሉ ሰዎች ጨው መጠየቅ ይችላሉ።

ጸሐፊው በሰባቱም ነጥብ ውስጥ ጨርሶ ያልነካው አንድ ነገር አለ፤ እኔ ስለ በዓል ምግብ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ሰው ከሞተ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ በዓል። አንድ ምግብ ነበረው፣ እሱ ብቻ የሚሠራው፣ ወይ እሷ ብቻ የምታሳምረው። ያ ምግብ ዘንድሮ ይሠራ? ማን ይሥራው? አንዳንድ ቤት ዝም ብሎ ይተወዋል፣ ስሙም አይነሣም። አንዳንድ ቤት ትልቋ ልጅ ትሞክረዋለች፣ አይመጣም፣ የሆነ ነገር ይጎድለዋል፣ ሁሉም "ጥሩ ነው" እያለ ይበላል፣ ከመካከል አንዱ "እማዬ ብትሆን ይህን ስታይ..." ይልና ሰው በሣቅና በለቅሶ መካከል ይሆናል። ሁለቱም ልክ ነው። ግን ሁለቱም ውስጥ ጥያቄው ተነሥቷል፣ ቤተሰቡ ስለሞተው ሰው የሆነ ነገር ወስኗል። ተዘጋጅቶ በመጣ ምግብ ጥያቄው አይነሣም። ጉድለቱም አይታይም። አንዳንዱ ሰው ይህን ይፈልገው ይሆናል፤ በዚያ ዓመት ድስት መጣድ የማይችል ሰው አለ፣ አውቃለሁ።

ስለዚህ ጥብቅ ሕግ እያወጣሁ አይደለም። አራስ የሆነች፣ ታማሚ የምታስታምም፣ ኀዘን የተቀመጠች፣ ብቻዋን የምትኖርና ጉልበቷ ያለቀባት ሴት ምግቧን ትግዛ። የምሽት ተረኛ ሆኖ ከሥራ በቀጥታ የመጣ ሰው ዳቦ ገዝቶ ይግባ። ማንም ቅር አይበለው። የተቃወምኩት ችግር ሲኖር መግዛቱን አይደለም። ምንም አይጎድልም መባሉን ነው። ይጎድላል። አውቀን እንተወው።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ "ለመጪው በዓል የኔን መንገድ ሞክሩት" ብሏል። እኔም ለእሱ አንድ የቤት ሥራ አለኝ። ለመጪው በዓል ከቤቱ ምግቦች አንዱን ይውሰድ፤ ቀላሉን ሳይሆን እናቱ "ይህ ለወንድ አይሆንም" የምትለውን። ገበያ ራሱ ይሂድ፣ ራሱ ይላጥ፣ ራሱ ይቁም፣ ድስቱ ሥር ያረረውን ራሱ ይፈግፍግ። የእህቱን ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ነጭ ሽንኩርት ያስልጣት። ማታ እጁ ላይ ሽታው ሳይለቅ ተቀምጦ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ይጻፍልን። ቢለወጥም ባይለወጥም አነበዋለሁ።